ሙሽራዋ ለሌዘር ትሆናለች ወይስ አትሆንም?

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ናት። ሠርጓ ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ቀርቶታል። የመጣችው ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድምየው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነው፤ ለሠርጉ ቀደም ብሎ ገብቷል። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ሜሪላንድ ላሲክ፣ መነጽር የሚያስቀረውን የዓይን ሌዘር፣ ተሠርቶ መነጽሩን ጥሏል። ለእህቱም የሠርግ ስጦታ ያሰበላት ይህንኑ ነው። ኢስታንቡል ካለ አንድ ክሊኒክ ጋር በዋትስአፕ ተጻጽፎ፣ የመነጽሯን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ልኳል። መልሱ «ትሆናለች» የሚል ነበር፤ የሆቴልና የኤርፖርት መቀበያ ዋጋውም አብሮ መጥቷል። ቀብድ ተከፍሏል።

እኛ ጋ የመጡት «ለማንኛውም እዚህም ትታይ» ተብሎ ነው። ይህን ያሉት እናቷ ናቸው።

ጉዳዩን የምጽፈው በልጅቷ ፈቃድ ነው፤ ማን እንደሆነች የሚያሳውቅ ነገር ግን የለበትም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና እናቷ «ዶክተርዬ» እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። እኔ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፤ ዓይን እየለካሁ የመነጽር ቁጥር የማወጣ ባለሙያ። ሥራዬ መለካትና መጠርጠር ነው። የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው አብራኝ የምትሠራው የኮርኒያ ስፔሻሊስት ናት።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል (ማይነስ የሩቅ ዕይታ ድክመት ቁጥር ነው፤ አስቲግማቲዝም ደግሞ ዓይን በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ሲጎብጥ የሚመጣ ብዥታ)። ቀኝ ዓይን ማይነስ 4.00፣ ከ0.50 አስቲግማቲዝም ጋር። ግራ ዓይን ማይነስ 4.25፣ ከ1.75 አስቲግማቲዝም ጋር። መካከለኛ ቁጥር ነው፤ ሌዘር የዚህን እጥፍም ያስተካክላል። ዕድሜዋም ደርሷል። ስለዚህ ወረቀቱን ያየ ሰው «ትሆናለች» ቢል አይገርምም። የሚገርመው ወረቀት ብቻ አይቶ መናገሩ ነው።

ምክንያቱም የመነጽር ቁጥር ብቻውን ኮርኒያው ጤነኛ መሆኑን አይናገርም። ኮርኒያ ከፊት ለፊት ያለው፣ ጥቁሩን የዓይን ክፍል የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ሌዘር የሚሠራው እሱ ላይ ነው። እየላገ ያሳሳዋል፤ ቅርጹ ሲቀየር ብርሃን በትክክለኛው ቦታ ያርፋል። ሰዉ «ቁጥር ይቀንሳል» ይላል እንጂ የሚቀንሰው ኮርኒያው ነው። የተላገ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። እንግዲህ ጥያቄው «ቁጥሯ ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህ ኮርኒያ ቢቀነስለት ይችላል ወይ?» ነው።

በመጀመሪያው ቀን የኮርኒያውን ቅርጽ የሚያሳየውን ካርታ አላነሳንም። ጠዋት የመጣችው ኮንታክት ሌንስ አድርጋ ነበር፤ እኛ ጋ ስትደርስ ነው አውልቃ መነጽር ያደረገችው። ኮንታክት ሌንስ ኮርኒያን ተጭኖ ቅርጹን ይለውጣል። ያንን ቅርጽ ብንለካ የምንለካው የሌንሱን ሥራ ነው። ለስላሳው ሌንስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መውለቅ አለበት፣ ጠንካራው ደግሞ ከዚያም በላይ። ወንድምየው ፊቱ ጠቆረ። «እኔ እኮ አንድ ቀን ታይቼ በማግስቱ ነው የተሠራሁት» አለ። ሌንስ ታደርግ ነበር ወይ አልኩት። አያደርግም ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው።

ቀኑ ግን በከንቱ አልሄደም። ጠየቅኳት። ነፍሰ ጡር ነሽ? አይደለችም፤ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ቁጥር ስለሚዋዥቅና ዓይን ስለሚደርቅ ሌዘር አይሠራም። ስኳር፣ ሪህ፣ ሉፐስ? የለም። ለብጉር የሚዋጥ ኪኒን? የዓይን ሄርፐስ? የለም። ጆሮዋ ላይ ከመበሳት የመጣ ኬሎይድ፣ ማለትም ያበጠ ጠባሳ፣ አለ፤ እሱን ራሷ አሳየችኝ። አንድ ቦታ «ኬሎይድ ያለው ሰው አይሠራም» የሚል አንብባ ኖሯል። የድሮ መመሪያዎች ላይ በእርግጥ ተጽፎ ነበር። ኮርኒያ ግን እንደ ቆዳ አይደለም፤ ኬሎይድ ያለባቸው ሰዎች ተሠርተው ችግር አልታየባቸውም። በሀገራችን ስንቱ ሰው ኬሎይድ አለበት! በዚህ ምክንያት ብቻ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የጻፍኩት።

በቤተሰብ የዓይን ሕመም አለ ወይ? «ኧረ የለም፣ በመድኃኔዓለም!» አሉ እናቷ።

እናቷ ይህን ሲያወሩ ልጅቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀል አደረገች። የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት አጥፋ፣ በመገጣጠሚያው አጥንት ግራ ዓይኗን ደህና አድርጋ አሸችው። ክብ እያደረገች፣ ጫን እያለች። አሥር ሰከንድ ያህል ቆየች። ከዚያ መነጽሩን መልሳ ወሬውን ቀጠለች። ማሸቷን አላወቀችውም።

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታሺው?»

«ሲበላኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

አለርጂ ነው። ልጅ ሳለች በጋ ላይ አቧራው ሲነሳ ዓይኗ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትምህርት ቤት ትቀር ነበር። እናቷ በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ ነው ያሳደጓት። እንቅልፍም የምትተኛው በግራ ጎኗ፣ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነው። የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጬ ሳየው ውስጡ ሸካራ ነበር፤ የቆየ አለርጂ ምልክቱ ነው። ይህ ዓይነቱ አለርጂ እኛ ሀገር ሕፃናት ላይ ብዙ ይታያል። የማሸት ልማድና የኮርኒያ መዳከም ደግሞ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ሌንሱን ለሁለት ሳምንት እንድትተው፣ ዓይኗን እንዳታሽ፣ ስትመለስም አሮጌ መነጽሮቿን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ማሳከኩን የሚያስታግስ ጠብታም ተጻፈላት።

ስትመለስ መነጽሮቹን በፌስታል ይዛ መጣች። ሦስት ናቸው። አንዱ እጀታው ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። እኔ አሮጌ መነጽር እወዳለሁ፤ ሰው ይረሳል፣ ካርድ ይጠፋል፣ መነጽር ግን የዚያን ጊዜውን ቁጥር እንደያዘ ይቀመጣል። አንድ በአንድ ሌንሶሜትር ላይ አስቀምጬ አነበብኳቸው። የ18 ዓመቷ መነጽር ሁለቱም ዓይን 2.50፣ አስቲግማቲዝም የለም። የ21 ዓመቷ ሁለቱም 3.50፣ ግራው ላይ 0.75 አስቲግማቲዝም ገብቷል። ያለፈው ዓመት መነጽር ግራው 4.00፣ አስቲግማቲዝሙ 1.00። አሁን 1.75።

ለሌዘር ቁጥር መርጋት አለበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ0.50 በላይ መንቀሳቀስ የለበትም ይባላል። የእሷ ግራ አስቲግማቲዝም ብቻውን በ0.75 ሄዷል። ቁጥሩ ባይረጋ ብቻ ኖሮ «ዓመት ቆይተሽ ነይ» ብለን እንሸኛት ነበር። ያሳሰበኝ ግን አንድ ዓይን ብቻውን፣ ያውም በአስቲግማቲዝም ተለይቶ መሮጡ ነው።

ከዚያ ሰሌዳውን አነበበች። ቀኙ በመነጽር 6/6፣ ማለትም ሙሉ ዕይታ፣ ያለ ችግር። ግራው 6/9 ላይ ቆመ። ሌንስ ብቀይር፣ አንግል ባዞር፣ ወይ ፍንክች። «ፊደሉ ጥላ አለው» አለች። ሬቲኖስኮፑን አንስቼ መብራቱን ግራ ዓይኗ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስወስደው፣ ነጸብራቁ እንደ ጤነኛ ዓይን አንድ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ለሁለት ተከፍሎ መሃል ላይ እንደ መቀስ ገጠመና ተለያየ። ይህን ያየ ባለሙያ ማሽኑ ምን እንደሚል ግማሹን ያውቃል።

የኮርኒያውን ካርታ ያነሳነው ፔንታካም በሚባለው መሣሪያ ነው። አገጭን አስደግፎ፣ ሰማያዊ መብራት እያዩ ሁለት ሰከንድ አለመርገብገብ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። የፊቱንም የኋላውንም ገጽታ፣ ውፍረቱንም በቀለም ያወጣል። ቀዝቃዛ ቀለም ዘርጋ ያለ፣ ሞቃት ቀለም ሾጠጥ ያለ ቦታ ነው። የቀኝ ዓይኗ ካርታ አረንጓዴ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቢጫ ነበረው። የግራው የታችኛው ክፍል ወደ ጆሮ በኩል ብርቱካንማ ሆኖ፣ መሃሉ ቀልቷል። እዚያ ጋ 48.7 ዳይኦፕተር ይላል (የሹለቱም የመነጽር ቁጥሩም መለኪያ ነው)፤ የቀኙ ከፍተኛ 45.6 ነው። በጣም የሳሳው ነጥብም መሃል ላይ አይደለም፣ ወደዚያው ወደ ቀላው ቦታ ወርዷል። ከኋላ በኩልም እዚያው ላይ አብጧል። መሣሪያው ሁሉንም ደምሮ «ዲ» የሚል አንድ ውጤት ይሰጣል። ከ1.6 በላይ ያጠራጥራል፣ ከ2.6 በላይ ጤነኛ አይደለም። ግራው 3.4፣ ቀኙ 1.7።

ግራው ኬራቶኮነስ ነው፣ ገና በጅምሩ። ኮርኒያው ከውስጥ ደክሞ ቀስ በቀስ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾል ሕመም ነው። ቀኙ ደግሞ ለጊዜው ተጠርጣሪ።

ወንድምየው ኢንጂነር ነው። «ውፍረቱ ስንት ነው?» አለኝ ወዲያው፤ የራሱን ጊዜ አስታውሶ። ኮርኒያ በማይክሮን ይለካል፤ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው። አማካዩ ሰው መሃሉ 540 አካባቢ አለው። የእህቱ ቀኝ 531፣ ግራ 509። ስሌቱን አብረን ሠራነው። ሌዘሩ የሚልገውን ለመገመት መንርሊን የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር አለ። የሚላገው ቦታ ስፋት በራሱ ይባዛል፣ በዳይኦፕተሩ ይባዛል፣ ለ3 ይካፈላል። ስፋቱን 6.5 ሚሊሜትር፣ የግራውን ከፍተኛ ቁጥር 6.00 ብንል 85 ማይክሮን ገደማ ይሄዳል። በላሲክ መጀመሪያ የሚገለበጠው ክዳን፣ ፍላፕ የሚሉት፣ 110 ያህል ነው። 509 ሲቀነስ 110 ሲቀነስ 85፣ 314 ይቀራል።

ከታች እንዲቀር የሚፈለገው ቢያንስ 250 ነው፤ ጠንቃቃ ሐኪሞች 300 ይላሉ። ሌላም መለኪያ አለ። የተነካው ድምር፣ ክዳኑና የተላገው አንድ ላይ፣ ከጠቅላላው ውፍረት 40 በመቶ እንዳይደርስ ይባላል። የእሷ 38 ነው።

«ታዲያ አለፈች እኮ!» አለ፣ የስልኩን ካልኩሌተር እያሳየኝ።

በሂሳቡ አዎ፣ አልፋለች። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያ ሁሉ ሂሳብ የተሠራው ለጤነኛ ኮርኒያ ነው። 314 ማይክሮን ጤነኛ ኮርኒያ ዓይንን ይዞ ይኖራል። 314 ማይክሮን የደከመ ኮርኒያ ግን የዓይኑን ውስጣዊ ግፊት መቋቋም ያቅተውና መሾሉን ይቀጥላል፣ ያውም በፍጥነት። ይህ ከላሲክ በኋላ እንደሚደርስ መጀመሪያ የጻፈው ቴዎ ዛይለር የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፣ በ1998። ኤክቴዥያ ይባላል። ላሲክ ተሠርተው ደህና የነበሩ ሰዎች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በመነጽርም የማይስተካከል ብዥታ ይዟቸው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ኮርኒያ እስከማስተከል ይደርሳሉ። በ2008 ራንድልማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የነጥብ አሰጣጥ አወጣ። 4 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው። ጤነኛ ያልሆነ ካርታ ብቻውን 4 ያሰጣል። የእሷ ዕድሜና የግራ ዓይኗ ውፍረት ደግሞ ነጥብ ይጨምራሉ። ሌላውን ሁሉ ብታልፍ እንኳ በካርታው ወድቃለች።

ስፔሻሊስቷ ካርታውን አይታ፣ ራሷም መርምራ ነገረቻቸው። አልሸፋፈነችውም። «ላሲክ አይሆንሽም። ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም» አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። እናቷ አማተቡ። ወንድምየው ግን ገና አልተሸነፈም። ፍላፕ የሌለው አለ አይደል ወይ? ስማይልስ? አለ፤ ፒአርኬ ክዳን አይገለብጥም፣ የላይኛውን ስስ ሽፋን አንስቶ ከላይ ነው የሚልገው። ስማይል በትንሽ ቀዳዳ ነው። ሁለቱም ግን ከኮርኒያው ያነሳሉ፣ ኤክቴዥያም ከሁለቱም በኋላ ታይቷል። በደከመ ኮርኒያ ላይ ላሲክ ስለቀረ ብቻ ይሁን አይባልም። ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስም አለ፣ አይሲኤል የሚሉት፤ ኮርኒያ አይቀንስም። እሱም ቢሆን የረጋ ቁጥር ይፈልጋል። ሕመሙ ቆሞ ዓመታት ሲያልፉ ሊታሰብ ይችላል፣ አሁን ግን አይደለም።

«ቱርክ ሄደን ቢሆንስ ኖሮ?» አለች ልጅቷ። እውነቱን ለመናገር እዚያም ካርታ ሳያነሱ አይሠሩም፤ ደህና ሐኪም ከገጠማት እዚያም ይመልሳት ነበር። እኔ የሚያናድደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ቲኬት ተቆርጦ፣ ሆቴል ተከፍሎ፣ ዘመድ ተሰናብቶ፣ ከዚያ ነው ካርታው የሚነሳው። በዚያ ሰዓት «አይሆንም» ማለት ለሐኪሙም ከባድ ነው፣ መስማትም ለታካሚው። «ትንሽ ያጠራጥራል ግን...» የሚል ንግግር የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። የ«ትሆናለች» ቃል በመነጽር ወረቀት ፎቶ መሰጠት የለበትም። ቀብዱ፣ በነገራችን ላይ፣ አልተመለሰም።

ሊወጡ ሲሉ ስፔሻሊስቷ እኔ የጠየቅኩትን ጥያቄ ደገመችው፣ ግን በሌላ መልክ። «በቤተሰብ ኮርኒያ የተተከለለት ሰው አለ?» እናቷ ቆም አሉ። «የአባቷ ታናሽ ወንድም ምኒልክ ሆስፒታል የሰው ዓይን ተደርጎለታል። እሱ ግን ሕመም አይደለም፣ በልጅነቱ ዓይኑ የፈዘዘ ነው» አሉ። አጎቷ በምን ምክንያት እንደተተከለለት ወረቀት የለም። ያም ሆኖ ኬራቶኮነስ በቤተሰብ ይሄዳል። እኔ «የዓይን ሕመም አለ?» ስል «የለም» የተባልኩት ለካ ዕውር የሆነ ሰው አለ ወይ ያልኩ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው በዝርዝር ነው፤ ኮርኒያ የተተከለለት፣ መነጽር ቶሎ ቶሎ የሚቀይር፣ ዓይኑን ሲያሽ የሚውል እያልኩ።

የሠርጉ ነገር እንዲያውም ቀላል ሆነ። ለአስቲግማቲዝም የሚሆን፣ ለአንድ ቀን ተደርጎ የሚጣል ለስላሳ ሌንስ ተፈቀደላት፤ ለሠርጉና ለመልሱ። ግራው በሱም 6/9 ነው የሚያየው። ሙሽራውን ለመለየት ይበቃል።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ካርታው ተነሳ። ማሸቱን ቀንሳዋለች እንጂ አልተወችውም፤ ባሏ ሲያያት እጇን እንደሚይዛት ነገረችን። ግራው ከ48.7 ወደ 50.1 ወጥቷል። የሳሳው ነጥብ ከ509 ወደ 501 ወርዷል። አንድ ዳይኦፕተርና ከዚያ በላይ መውጣት ሕመሙ እየሄደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ክሮስሊንኪንግ ተሠራላት። የኮርኒያው የላይ ሽፋን ይነሳል፣ ቫይታሚን ቢ2 ያለበት ጠብታ ለግማሽ ሰዓት ይጨመራል፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። የኮርኒያው ክሮች እርስ በርስ ተሳስረው ይጠነክራሉ። በድሬስደን ከተማ ይህን ሕክምና ካዳበሩት አንዱ ያው ኤክቴዥያን የጻፈው ዛይለር ነው። ሕክምናው ቢያንስ 400 ማይክሮን ውፍረት ይፈልጋል፤ የእሷ ከዚያ በላይ ስለነበር በጊዜ ደርሳለች። ዕይታ አያስተካክልም፣ መሾሉን ለማቆም ነው። ይህን ደጋግመን ነገርናት። ቢሆንም በሦስተኛው ቀን «ምነው ባሰብኝ?» ብላ ደወለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያማል፣ ብዥታውም ሳምንታት ይቆያል።

ከሕክምናው በኋላ በስድስተኛው ወር ግራው 49.6 ላይ ነው። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ተለክቶላት በሱ 6/6 አነበበች፤ ጥላ የለውም። መጀመሪያ ላይ «አሸዋ የገባብኝ ይመስለኛል» ብላ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ታደርገዋለች፣ ማታ መነጽር። ቀኙ አልተነካም፣ በየስድስት ወሩ ካርታው ይነሳል።

ወንድምየው «እኔስ?» ያለው ያኔውኑ ነው። የእሱንም አነሳነው። ላሲክ የተሠራ ዓይን የፊት ገጽታው መሃሉ ላይ የተስተካከለ ስለሆነ የሚታየው የኋላው ነው። እብጠት የለም። ከመሠራቱ በፊት የተነሳውን ካርታ ከሜሪላንድ በኢሜይል አስልኮ አስተያየነው፤ ያኔም ንጹህ ነበር። የሠሩት ሰዎች ትክክል ነበሩ። ቢሆንም ከእህቱ ውጤት በኋላ በዓመት አንዴ እዚያው እንዲታይ ተነግሮታል።

ባለፈው ወር እናቷ የመጨረሻውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። 16 ዓመቱ ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ በሁለቱም እጁ ዓይኑን ያሻል። ካርታው ለጊዜው ደህና ነው። የአለርጂ ጠብታ ተጻፈለት፤ ቀጠሮው ከስድስት ወር በኋላ ነው።